ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ የሚማረው መቼ ነው?

ጳጉሜን 3 የሚውለውን የመሠረተ ትምህርት ቀን ምክንያት በማድረግ በባሕር ዳር ከተማ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የተጻፈ።

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በዚህች ከተማ ኖሮ የምረቃ በዓል ላይ ያልተገኘ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ካባው በክረምት ዝናብ የረጠበ ተመራቂ ከገጠር የመጡ አባትና እናቱን ግራና ቀኝ አቁሞ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ መድረኩ ላይ ደግሞ የተመራቂዎቹ ተወካይ ንግግር ሲያደርግ፣ አንድ ሐረግ ሳይነሣ አይቀርም፤ «ሳይማር ያስተማረንን ሕዝብ ለማገልገል ቃል እንገባለን» ይባላል። እኔም በጊዜዬ ብያለሁ፤ ብዙዎቻችሁም ብላችኋል። ሐረጉ ዕዳን የሚያውቅ ሰው ሐረግ ስለሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ደጋግሜ ሳስበው አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ሐኪሙ ያን ሕዝብ ሊያክመው፣ መሐንዲሱ ድልድይ ሊሠራለት፣ የሕግ ባለሙያው ሊሟገትለት ቃል ይገባል እንጂ፣ «ሳይማር ያስተማረንን ሕዝብ እናስተምረዋለን» ብሎ ቃል የገባ ተመራቂ እስከ ዛሬ ሰምቼ አላውቅም። «ሳይማር» የሚለው ቃል የችግር መግለጫነቱ ቀርቶ የሕዝቡ የማዕረግ ስም የሆነ ይመስላል።

ዛሬ ጳጉሜን 3 ነው። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ወስኖ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 የሚከበረው ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ቀን በእኛ አቆጣጠር ምንጊዜም ከዚህ ዕለት ላይ ይውላል። አገሬው ግን ቀኑን የሚያውቀው በሩፋኤል ነው፤ ልጆች እንዲያድጉ በዝናቡ ይታጠባሉ፣ እናቶችና አባቶችም ለበረከት ብለው ይጠበሉታል። የሩፋኤል ዝናብ ዕድሜ አይጠይቅም። ትምህርትን ግን የልጅ ብቻ አድርገን ስለምናስበው አንድ የ50 ዓመት ሰው ደብተር ይዞ ሲታይ ወይ እንስቃለን ወይ እናዝንለታለን።

ልናገር የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ከዳር የተገፋ ጎልማሳ ፊደል ስለቆጠረ ብቻ ወደ መሃል አይመጣም። ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጥነው፣ ቀድመን የተማርነው ሰዎች፣ ጽሑፉን መቀበልና ከጎኑ መቀመጥ ካልተማርን በቀር ያስተማርነው ፊደል በጥቂት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ይጠፋል። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ካገኘሁት ይልቅ በሥራ ላይ ሳለሁ ከተሳሳትሁት ተነሥቼ ነው።

ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር ገና ተማሪ ነበርሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ከጣና በስተ ምዕራብ ወዳለ አንድ መንደር ተላክሁ። ዘመቻው በታላቅነቱ ሊዘነጋ የማይገባው ነው። በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ 15 ቋንቋዎችን ያዳረሰ፣ ሁሉንም በግእዝ ፊደል ያስተማረ፣ ሚሊዮኖችን ከዛፍ ሥር ያስቀመጠ፣ ከዩኔስኮም ሽልማት ያስገኘ ሥራ ነበር። የሚነቀፍበትም አላጣም፤ ያልመጣውን ቀበሌው ይጠራው ስለነበር ከደጄ የተቀመጠው ሁሉ ወዶ የመጣ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ቢሆንም በኩራዝ ብርሃን ሞፈር የጨበጠ እጅ እርሳስ ሲይዝ፣ እርሳሱም ከጫናው ብዛት ሲሰበር ያየሁበትን ያን ክረምት የሚያህል ትምህርት በየትኛውም ክፍል አልተማርሁም።

ከተማሪዎቼ አንዱ አባቴን የሚያህሉ ገበሬ ነበሩ። ከሁሉ ፈጥነው ከሀ እስከ ፐ ጨረሱና አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ይህስ ይሁን፤ ከእንግዲህ የማነበው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከማስተማሪያው መጽሐፍ በቀር የምሰጣቸው አልነበረኝም፤ «እንደገና ያንብቡት» አልኋቸው። በእርግጥ መንግሥት በየገጠሩ የንባብ ቤቶችን ለማቋቋም ሞክሮ ነበር፤ እኔ በነበርሁበት መንደር ግን አልደረሰም። ከ12 ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያው ሳልፍ እኒያን ሰው አገኘኋቸው። ስማቸውን መጻፍ ይችላሉ፤ ከስማቸው ውጭ ያለው ግን ጠፍቷቸዋል። አፍረው ነበር። ማፈር የነበረብኝ እኔ እንደነበርሁ የገባኝ ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ጥቂት ልበል። ማንበብና መጻፍ የማይችለውን ሰው «መሃይም» እንለዋለን፤ ዛሬ ቃሉ ስድብ ነው። በግእዝ «መሃይምን» ማለት ግን ያመነ፣ ምእመን ማለት ነው። መጽሐፍ ከሚያነበው ካህን የተለየው ተራው ምእመን ነበረና ቃሉ ቀስ በቀስ ካህን ያልሆነ፣ ከዚያም ያልተማረ፣ በመጨረሻም የማያውቅ ወደሚል ትርጉም ወረደ። የአንድ ሕዝብ የእምነት ስም እንዲህ ወደ ነውር ስም ሲለወጥ፣ በመካከሉ ማን ማንን ከምን ቦታ ሆኖ ያየው እንደነበር ቃሉ ራሱ ይናገራል። ከዚሁ ጋር የሚሄደው «አለመማር ዓይነ ስውርነት ነው» የሚለው የዘመቻ አነጋገር ነው። በዚሁ በጎጃም ምድር ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ሲያስተምሩ፣ ዓይናቸው የሚያይ ወንዶች ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብለው ተምረዋል። ስለዚህ ያን ምሳሌ እኛ እንኳ ብንተወው ይሻለን ነበር።

ጎልማሳ መማሩ ያሳፍራል የሚለው ከሌላ ዘመን የመጣ ሐሳብ ይመስለኛል። በዋሸራ የቅኔ ቤት ሽበት ያወጣ ተማሪ ለማንም ብርቅ አልነበረም። ንባቡን ጨርሶ ዜማ፣ ከዜማው ቅኔ፣ ከቅኔው ትርጓሜ መጻሕፍት እያለ ከአንዱ ደብር ወደ አንዱ ደብር ጎጆውን እየቀለሰ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ እየለመነ፣ 40 ዓመቱን ያለፈ ሰው ተማሪ ይባል ነበር፤ ይህም ክብር ነበር። የላቀው ተማሪ ለጀማሪው እያስቀጸለ፣ መምህሩ ለላቀው እየነገረ የሚሄድ ሥርዓት ስለነበር አንድ መምህር ብዙ ሰው ያስተምር ነበር። ዛሬ «የዕድሜ ልክ ትምህርት» እያልን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 በማራካሽ በተካሄደው ሰባተኛው ዓለም አቀፍ የጎልማሶች ትምህርት ጉባኤ ቋንቋ የምንናገረው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ጉድለቱ በሩ ላይ ነበር፤ ከጥቂቶች በቀር ሴት አትገባም፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድረው ሸማኔና ቀጥቃጭ በጥርጣሬ ይታያል፣ በዚህ ሐይቅ ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብም።

ስለዚህ ማኅበረሰብ ስናገር የምጠነቀቀው ስሙ ራሱ ብዙ ጊዜ ለስድብ ስለዋለ ነው፤ እነሱ ነገደ ወይጦ መባልን ይመርጣሉ፤ እኔም እንደ ምርጫቸው እላለሁ። ባሕር ዳርን በቱሪስት ፖስተር ላይ የምናውቃትን የደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑ ጎረቤት «አይነካም» አላቸው፤ ራሳቸውን ሙስሊም ቢሉም ሙስሊሙም ወደ ማዕዱ አላቀረባቸውም። ዛሬ አደኑ ቀርቶ ርቀቱ ብቻ አለ። ብዙዎቹ የእርሻ መሬት የላቸውም። የሐይቁ ዳርቻ ወደ እርሻና ወደ መዝናኛነት ሲለወጥ ደንገሉም አብሮ እየሳሳ ሄደ፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እንቦጭ ደግሞ ለዓሣ አጥማጁ ሌላ መከራ ጨመረ።

ስለ ነገደ ወይጦ ከተጻፉት ነገሮች ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣ አንድ ታሪክ አለ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ገደማ ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ እነዚህ ሰዎች በአገሩ ካሉት ቋንቋዎች ሁሉ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ይሰማል። ቋንቋውን ለማወቅ ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች እንዲመጡለት ያደርጋል። ሰዎቹ ለጥያቄው መልስ አይሰጡም፤ የተጠየቁትም የገባቸው አይመስልም፤ ትሰቀላላችሁ ተብለው ቢያስፈራሯቸውም ያው ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም የመጡት ተመራማሪዎች ያገኙት አማርኛ የሚናገር ማኅበረሰብ ነው፤ የቀደመው ቋንቋ በጽሑፍ ሳይያዝ ጠፍቷል። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው፤ መጠየቁ ገመድ ሲይዝ ደግሞ ቋንቋም ይቀራል። እኔ ይህን ታሪክ የጎልማሳ ትምህርት ታሪክ አድርጌ ነው የማነበው። የሚያውቀውን ነገር ልንጽፍለት የሄድን ሰዎች፣ እንዴት እንደምንጠይቀው ሳናውቅ ሄደን፣ ባዶ እጃችንን ስንመለስ «አያውቅም» ብለን መዝግበናል።

በአገራችን ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ በ2000 ዓ.ም. ወጣ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮም የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የሚባለው የሁለት ዓመት መርሐ ግብር ሥራ ላይ ዋለ። ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ከ15 እስከ 60 ዓመት ያለው ሰው ፊደልና ስሌት ሲማር ግብርናውን፣ ጤናውንና ገቢውን አብሮ እንዲማር፤ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና አመቻች የሚባለው የጎልማሶቹ አስተማሪ አብረው እንዲሠሩ ያቅዳል። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ችግሩ የሚመጣው የሁሉም ሰው ኑሮ አንድ ዓይነት እንደሆነ አድርጎ የተጻፈው መጽሐፍ ከሐይቁ ዳር ሲደርስ ነው።

እኔ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆኜ በሐይቁ ዳርቻ አንድ የጎልማሶች ክፍል እንዲከፈት ረድቼ ነበር፤ ቦታውን በስም አልጠራውም። በመጀመሪያው ሳምንት የመጽሐፉ ሥዕል በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ነበር፤ ትምህርቱም ስለ ጤፍ በመስመር መዝራት። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እጃቸውን አውጥተው፣ «ይህ መልካም ነው፤ ግን ከየትኛው መሬት ላይ?» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ አልሳቅንም። አመቻቹ ወጣት ሆኖ ብልህ ነበርና በማግስቱ መጽሐፉን አጥፎ «ደንገል» የሚለውን ቃል በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ቃሉ ለማስተማር የተፈጠረ ይመስላል። ደና ገ ግእዝ ናቸው፣ ንና ል ሳድስ ናቸው፤ አንዱን ቃል ያወቀ ሰው ሁለት መደቦችን አብሮ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ «ታንኳ» ይጻፍልን አሉ። እዚህ ላይ አመቻቹ ተቸገረ፤ «ኳ» በማስተማሪያው ከመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ከዲቃላ ፊደላት ጋር የምትመጣ ናት። ቅደም ተከተሉ ተጠብቆ ቢሆን ሰዎቹ የሕይወታቸውን ዋና ዕቃ ስም ለመጻፍ አንድ ዓመት ያህል ሊጠብቁ ነበር። ጻፈላቸው። ሁሉም ቤቱ ሄዶ ሲጽፋት አደረ፤ አንዷ ሴት ደግሞ በማግስቱ ታንኳ ከነቀዛፊዋ ሥላ መጣች።

ስሌቱ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። ታንኳ የሚሠራ ሰው ስንት እስር ደንገል እንደሚፈልግ፣ ርዝመቱ በክንድ ስንት፣ ስፋቱ በስንዝር ስንት እንደሚሆን፣ ውኃ ጠጥቶ ከመክበዱ በፊት ስንት ጊዜ አውጥቶ ማድረቅ እንዳለበት በራሱ አስቦ ያውቃል። ዓሣ የምትሸጥ ሴት አምስት ደንበኛ በአንድ ጊዜ ሲጠይቃት መልሱን አትሳሳትም። እነዚህን ሰዎች ከአንድ እስከ አስር እንቁጠር ብሎ መጀመር ስድብ ነው፤ እኛ ግን ጀመርን። የሚያስፈልጋቸው በቃል የሚያስቡትን ስሌት በወረቀት ላይ ማስቀመጥ ብቻ እንደሆነ ካወቅን በኋላ ሥራው በግማሽ ቀለለ። ከዚያ በኋላ ከሁሉ ቀድሞ ማንበብ የፈለጉት «ስንት» የሚለውን ቃል ነበር።

ከባዱ ነገር ፊደሉም ስሌቱም አልነበረም፤ አግዳሚ ወንበሩ ነበር። ክፍሉ የተከፈተው ለመንደሩ ሰው ሁሉ ስለሆነ ከነገደ ወይጦም ከሌላውም ማኅበረሰብ ተመዝግበው ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሳይነጋገሩ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ማንም ማንንም አልሰደበም፤ እንዲህ ያለው ርቀት ድምፅ የለውም። ከመካከላችን አንዱ በስብከት ሊፈታው ሞከረ፤ ሁሉም በአክብሮት ሰምቶ በየቦታው ተቀመጠ። አመቻቹ ግን ስለ እኩልነት አንድም ቃል ሳይናገር አንድ መጽሐፍ ለሁለት ሰው ብቻ እንዲደርስ አድርጎ አከፋፈለ፤ ጥንዶቹንም እንደ ችሎታቸው መደበ፤ ልክ በቅኔ ቤቱ እንደሚደረገው የላቀው ለጀማሪው እያስነበበ። ከላቁት ብዙዎቹ የነገደ ወይጦ ሴቶች ነበሩ። ሁለት ሰዎች ከሌላው ወገን «ከእንግዲህ አንመጣም» ብለው ቀሩ፤ ተመልሰውም አልመጡ። ሌሎቹ ቆዩ። አምስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ስኒው ያለ ልዩነት ሲዞር አየሁ። ይህ በመንደሩ ውስጥ የሆነ ለውጥ ነው አልልም፤ ከክፍሉ ሲወጡ ሁሉም ወደየመንገዱ ነው የሚሄደው። ነገር ግን ያ ስኒ በፈተና ውጤት መዝገባችን ላይ የሚገባበት ቦታ ባለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰዓቱም እንደ ወንበሩ ነው። ዓሣ አጥማጅ መረቡን ማታ ጥሎ ጎህ ሲቀድ ሊያነሣ ይወጣል፤ የማታ ትምህርት ለእሱ ትምህርት አይደለም። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ነው። የእኛ ክፍል በመጨረሻ በሳምንት ሦስት ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ረጋ። በከተማው ውስጥ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን በባሕር ዳር ቀበሌዎች መንገድ ላይ ደብተራቸውን በነጠላቸው ሸፍነው የሚፈጥኑትን ልጃገረዶች አይታችኋል፤ ብዙዎቹ በየቤታችን የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ናቸው። የእነሱ ትምህርት የሚወሰነው በመምህሩም በመጽሐፉም አይደለም፤ እራት በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ በምንወስነው በእኛ ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ቤታችሁ ስትገቡ የጎልማሳ ትምህርት ኃላፊ ማን እንደሆነ አስቡት።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2017 ዩኔስኮ ባወጣው መረጃ መሠረት 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 52 በመቶ ያህል ናቸው፤ ወንዶቹ 59 በመቶ፣ ሴቶቹ 44 በመቶ ገደማ። አሃዙ ከማይችለው ይልቅ ስለሚችለው ዝም ይላል። «ይችላል» የተባለው ሰው በችሎታው ምን ያደርግበታል? በክልላችን የገጠር መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይዞ ይወጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደብተሩን በሣጥን ዘግታ የምታስቀምጠው ሴት ግን ስሟ የት ላይ እንደተጻፈ በጣቷ ማሳየት ካልቻለች ክርክር በተነሣ ቀን ደብተሩን የሚያነብላት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ተከራካሪዋ ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያ ከገባ ወዲህ ዓሣ ሻጯም የሚስጥር ቁጥር አላት፤ ቁጥሩን የሚያስገባላት ግን ከጎኗ የቆመ ልጅ ነው። ገንዘብ ደረሰ የሚለው የጽሑፍ መልእክት እውነት ይሁን ሐሰት የምትለየው በልጁ ፊት ነው። በክፍላችን ለአንድ ወር ሙሉ ሌላውን ትምህርት አቁመን የስልክ መልእክት ብቻ አነበብን፤ ከላኪው ስም፣ ከብሩ ልክና ከቀኑ በቀር ምንም። መርሐ ግብሩን የሚቆጣጠሩት ሰዎች አልወደዱትም። ያን ወር ግን አንድም ሰው ከክፍል አልቀረም።

ለእኒያ ገበሬ የሚሆነው መልስ ከዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «ከእንግዲህ የማነበው ምንድን ነው?» ሲሉ ቤተ መጻሕፍት መጠየቃቸው አልነበረም። ቤተ መጻሕፍት ቢኖር እሰየው። ግን የቀበሌው ማስታወቂያ ጉልህ በሆነ ፊደልና አጭር በሆነ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ቢለጠፍ፣ የክሊኒኩ የመድኃኒት መመሪያ በአማርኛ ቢጻፍ፣ የማኅበሩ ሒሳብ በግድግዳ ላይ ቢወጣ፣ የሐይቁ የዓሣ ማስገር ክልከላ ቀን በወደቡ ላይ ቢጻፍ፣ ሰው ያነባል፤ እየተቸገረም ቢሆን ያነባል። የእኛን መሥሪያ ቤቶች ጽሑፍ ግን የተማረውም ሁለት ጊዜ ካላነበበው አይገባውም። ስለዚህ ለጎልማሳ ትምህርት ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለጸሐፊዎቻችን፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞቻችንና ለገንዘብ ተቀባዮቻችን ሥልጠና ቢውል ስህተት አይመስለኝም። አጭር መጻፍ፣ ቀስ ብሎ ማስረዳት፣ የሚያነብን ሰው መጠበቅ የሚማሩት ነገር ነው።

ይህች ከተማ ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ እዚህ ሲቋቋም ከተሰጡት ተግባራት አንዱ የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። አካዳሚው ቀድሞት ከተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ ነው በኋላ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ዛሬ ጥቁር ካባ ለብሰው «ሳይማር ያስተማረንን ሕዝብ» የሚሉት ልጆች የሚመረቁበት ተቋም ከመሠረቱ አንዱ ማዕዘን ያን ሕዝብ የሚያስተምር ሰው ማፍራት እንደነበር ቢነገራቸው እወዳለሁ።

ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ፤ በአጭሩ አንሥቼው ልለፍ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በግጭቱ ምክንያት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ዛሬ በ13 ዓመቱ ከክፍል የወጣ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎልማሳ ነው፤ ከልጆች ጋር ተመልሶ ሁለተኛ ክፍል አይቀመጥም። የዛሬ አስር ዓመት የጎልማሶችን ክፍል የሚሞላው የገጠር አዛውንት ሳይሆን ይህ ወጣት ነው፤ ጥያቄውም ንዴቱም ከአዛውንቱ የተለየ ይሆናል። ለእሱ የሚሆን መጽሐፍም አመቻችም ዛሬ እየተዘጋጀ ሲሆን አላየሁም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልቀመጥ። ከክፍላችን ከተማሩት ሴቶች አንዷ፣ ታንኳዋን የሣለችው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ ነበር፤ በአጋጣሚ እኔም ከኋላዋ ተሰልፌ ነበርሁ። ተራዋ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ብሎ ሳያያት የቀለም ማኅተሙን ወደ እሷ ገፋና «አሻራ» አለ። የነገሩ አስገራሚነት፣ ፋይዳ መታወቂያ ከመጣ ወዲህ ፕሮፌሰሩም ዓሣ አጥማጁም እኩል አሻራ የሚሰጡበት ዘመን ላይ መሆናችን ነው፤ ይህኛው አሻራ ግን የዚያ ዓይነት አልነበረም። እሷ ማኅተሙን መልሳ ገፋችና «እስክሪብቶ» አለች። ጸሐፊው ሰጣት። ስሟን፣ ቀጥሎ የአባቷን ስም፣ ፊደል በፊደል እየቀረጸች መጻፍ ጀመረች። ከኋላ የተሰለፈው ሰው አጉረመረመ፤ አንዱ «ኧረ ቶሎ በይ» አለ፤ ጸሐፊው በእጁ ጠረጴዛውን ይመታ ነበር። ያስተማርኋት እኔ፣ ጎልማሳን መታገሥ እንደሚገባ ስብሰባ ላይ ስናገር የኖርሁት እኔ፣ የአባቷ ስም ገና ግማሹ ላይ ሳለ ሰዓቴን አየሁ።

አመሰግናለሁ።